በጤናዬ የተኛሁበት ክረምት

አዲስ አበባ ላይ ዝናብ ሲጥል ጓደኞቼ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነው። የት እንግባ ይሉኛል፤ እኔም አላሳፍራቸውም። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆነው ሲኒማ ቤት የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። አንድም መጽሐፍ ሳይገዙ ጥግ ይዞ እስኪመሽ የሚነበብበትን መደብር አውቃለሁ። ቦውሊንግ ቤት ሲኬድ ካልሲ መያዝ እንዳይረሳ የማሳስበው፣ ከረምቡላ ቤቱ ሲጨናነቅ ወደ እንፋሎት መታጠቢያው የምመራቸው፣ ሙዚየም ማለት ከዝናብ መሸሸጊያም እንደሆነ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። መውጣት የሰለቸው ደግሞ እኔ ቤት ይመጣል። ፈንዲሻ አፈነዳለሁ፣ መጋረጃ እዘጋለሁ፣ ላፕቶፔን ወንበር ላይ አቁሜ ፊልም እከፍታለሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጋቢ ተከናንቦ ፊልም ከማየት የሚበልጥ ደስታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ይህ ሙያዬ ባለፈው ክረምት ዋግ ድረስ ተከትሎኝ ሄዶ ጉድ ሠራኝ። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

እናቴ የምትኖረው ሰቆጣ ዙሪያ፣ ከከተማው በእግር ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ መንደር ነው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። የቀረላት ከቤቷ ቁልቁል ወንዙ አጠገብ ያለች አንዲት ማሳ እና አንድ በሬ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ጎረቤታችን፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አያ እያልኩ የምጠራቸው ሽማግሌ፣ እሳቸውም ያላቸው አንድ በሬ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በሬዎች አቀናጅተው የራሳቸውንም የእናቴንም ማሳ ያርሱ ነበር። የእናቴን የሚያርሱት በእኩል ነው፤ ምርቱ ሲደርስ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የእሳቸው። ለዓመታት በዚህ ተስማምተው ኖሩ።

ስምምነቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በስልክ። እናቴ ስትደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ዝናብ አለ ወይ? እኔም ሁልጊዜ አማርራለሁ። አየሩ መጥፎ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ታክሲ የለም እላታለሁ። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ግን የሷን ብሶት ነገረችኝ። ግማሹ እህል ክረምቱን አያሻግራትም፤ ሐምሌ ሳይገባ ጎታው ይራቆታል። ጨነቀኝና፣ "ግድ የለሽም፤ ዘንድሮ ፈቃድ ወስጄ መጥቼ እኔው አርስልሻለሁ" አልኳት። ይህን ያልኩት አዲስ አበባ ላይ ለጓደኛ አንድ ቀን ምሳ እንበላለን እንደሚባለው ነው። እኛ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር እንናገራለን፣ ሰሚውም ይረሳዋል፣ ማንም አይከፋም።

እናቴ አልረሳችውም። በዚያው ሳምንት አያ ዘንድ ሄዳ፣ ዘንድሮ እኩል አልሰጥም፣ በሬዎቹን ብቻ እናቀናጅ፣ የኔን ልጄ መጥቶ ይዘራዋል አለቻቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም። እሰይ፣ ወንድ ልጅ ለዚህ ቀን ነው ብለው ደስ አላቸው። ዝናቡ የጣለ ዕለት በመጀመሪያ የእናቴ ማሳ፣ በማግስቱ የሳቸው እንዲዘራ ተስማሙ። የእናቴ አፈር ስስና ድንጋያማ ስለሆነ ርጥበት አይዝም፤ ፀሐይ አንድ ቀን ካየው አበቃለት። የእናቴ የዓመት እንጀራ እንግዲህ በኔ አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ግን ቃሉን ስልኩን እንደዘጋሁ ነው የረሳሁት።

ሐምሌ ላይ እውነትም ፈቃድ ወጣሁ፤ ላርፍ። ሰቆጣ አድሬ ላፕቶፔን ጢም አድርጌ ቻርጅ አደረግሁ፣ የፈንዲሻ በቆሎ ገዛሁ፣ የዝናብ ጃኬቴን ለብሼ ወጣሁ። የዝናብ ጃኬት የለበሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝናቡ ዘግይቶ ነበርና ከመንገድ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ሰላም እያለኝ በመሀል ቀና ብሎ ሰማይ ያያል።

ቤት ስደርስ የአባቴ ሞፈርና ቀንበር በሩ አጠገብ ቆመው አገኘሁ። ማረሻው ተስሎ ያብረቀርቃል። አባቴን ለማስታወስ ያቆመችው መስሎኝ ሆዴ ባባና ፎቶ አነሳሁት። ፎቶውን ለጓደኞቼ ልኬዋለሁ። ጥጉ ላይ የጤፍ ዘር በስልቻ ተቋጥሮ ተቀምጧል፤ እሱንም አየሁት፣ አየሁትና አለፍኩት። እናቴ አንድም ቀን ቃልህ የታለ አላለችኝም። ልጅን በገባው ቃል መጠየቅ እሱን መጠርጠር ነው የሚመስላት። ዝናቡ ሲመጣ እንግዲህ ትልና ታቆማለች። እኔም አዎ ዝናቡ ሲመጣ እላለሁ፤ ምን እንደምል ሳላውቅ።

ዝናቡ አንድ ጠዋት ከንጋት ጋር መጣ። የቤቱን ቆርቆሮ ያስመታሁላት እኔ ነበርኩ፤ ድምፁ ያንን የአዲስ አበባ ደስታዬን ቀሰቀሰው። ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ ቆማለች። እሳቱ ነዷል፣ ስንቁ አገልግል ውስጥ ገብቷል። ቁርሳችን መሰለኝ።

"ዛሬ የትም አንወጣም" አልኳት። "ዛሬ ከተሜ ነው የማደርግሽ።"

አየችኝ። ከዚያ ወደ በሩ አየች፣ ተመልሳ እኔን አየች። ያን አስተያየት ብዙ ጊዜ መልሼ አስቤዋለሁ። ተቆጥታ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ደስ ያለውን ሰው ደስታ ላለማቋረጥ የሚደረግ አስተያየት ነበር። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

በሷ እሳት ላይ በቆሎዬን አፈነዳሁ። ላፕቶፑን ዱቄት ማስቀመጫው እንስራ ላይ አስደገፍኩት። አንድ ቪላ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ የሚውሉበት የኮሜዲ ፊልም ከፈትኩ። ይሄ ዘበኛው ነው፣ ይቺ እህቷ ናት እያልኩ አስረዳኋት። እኔ ስስቅ እሷም ትስቃለች፤ ትንሽ ዘግየት ብላ። ፈንዲሻውን አንድ አንድ እያነሳች በላች። እኔ ደግሞ ልቤ ሞቆ፣ እናቴን በዕድሜዋ አንድ ቀን አሳረፍኳት እያልኩ ራሴን አመሰግን ነበር።

ፊልሙ መሀል ላይ ከደጅ፣ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ተሰማ። አያ ናቸው። የበሬዎቹ ትንፋሽና የጭቃው ርግጫ ይሰማኛል። እናቴ ብድግ ብላ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። በኽምጣኛ ተነጋገሩ። ኽምጣኛዬን ትምህርት ቤት ስገባ ነው የተውኩት፤ ግን ጨርሶ አልጠፋኝም። ልጄ ታሟል ስትል ሰማኋት። አያም አዘኑ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ከዚያ በሬዎቹ ወደ ላይ፣ ወደሳቸው ማሳ አቀኑ።

ስትመለስ ማን ታመመ አልኳት። ምንም አይደል፣ ስለ ዝናቡ ነው የምናወራው፣ በል ቀጥለው አለችኝ። እኔም ቀጠልኩት። የሰማሁትን ሰምቼ፣ የጠየቅሁትን ጠይቄ፣ ቁልፉን ተጭኜ ፊልሙን ቀጠልኩት። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። አንዱ ፊልም አልቆ ሌላ ከፈትኩ። ባትሪው እስኪሞት ድረስ አየን።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። አየር ልቀበል ብዬ በሩን ከፈትኩት። ተራራው ሙሉ ሰው ነው። በየማሳው በሬ ተጠምዷል፣ ሴቶች ዘርና ስንቅ ተሸክመው ወደላይ ወደታች ይላሉ፣ ሰዉ ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ሰዉ ሁሉ ይጣራል ይስቃል። ከመንደሩ ማሳ ሁሉ ሰው ያልቆመበት ከቤታችን በታች ያለው ብቻ ነው። ዘወር ስል የአባቴ ሞፈር አጠገቤ ቆሟል። በዚያች ቅጽበት ግንቦት ላይ የተናገርኩት ትዝ አለኝ። ማንም አልነገረኝም፤ ራሱ መጣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ የዘሩን ስልቻ ወደ ጥጉ እየመለሰች ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"እንዲህ ደስ ብሎህ ሳይህ ጊዜ" አለችና አልጨረሰችውም። እጄን አየት አድርጋ፣ "እጅህም ለስልሷል" አለች።

ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ። አሁኑኑ እወጣለሁ፣ አያን በሬዎቹን እጠይቃቸዋለሁ፣ እስኪመሽ ጊዜ አለ እያልኩ እለፈልፋለሁ። እጄን ያዘችኝ። እናቴ ያን ያህል አጥብቃ የያዘችኝ ልጅ ሆኜ ገደል አፋፍ ላይ የቆምኩ ዕለት ነው።

"እንዳትወጣ" አለችኝ። "ታሟል ብያለሁ። ለአያህ ዋሽቼ አላውቅም። አሁን ብትወጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

ጫማዬን መፈለግ ተውኩ። ልጄ ቃሉን ረስቶ ፊልም ያያል ከምትል ታሟል ማለት ቀሏት ነበር። እኔን ከሀፍረት ልታድን ብላ ራሷን ውሸታም አድርጋለች። ከወጣሁ ደግሞ ውሸቷ መንደር ሙሉ ይወጣል።

"ሊጠይቁህ ይመጣሉ" አለችኝ። "ተኛ።"

ተኛሁ። መደቡ ላይ፣ በጤናዬ፣ በቀን ብርሃን፣ እስከ አንገቴ ተሸፍኜ። ላፕቶፑን የት እንደምናደርገው ጠፍቶን ስንጣደፍ እዚያው ከጀርባዬ ከተትነው። የፈንዲሻውን ፍርፋሪ እናቴ ጠረገችው።

በአገሬ የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አያድርም። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲረግጡ የዋሉ ሰዎች ቤታቸው ሳይገቡ፣ እግራቸውን ሳይታጠቡ እኛ ቤት መጡ። አንዷ እንቁላል ይዛለች። ሌላዋ ጠበል በጠርሙስ አምጥታ ፊቴ ላይ ረጨችብኝ። አንዷ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ወቅጣ መጥታ ካልዋጥክ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ዋጥኩ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አይ ልጅ፣ በጣም ተጎድቷል ተባባሉ። ግንባሬን የነካችው ሴት እጇን ቶሎ አነሳችና ኧረ ያተኩሰዋል፣ ላብ አጥምቆታል አለች። እውነቷን ነው፤ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ሁሉም እግዜር ይማርህ፣ እግዜር ይማርህ እያሉ ሲያልፉ አሜን እላለሁ። እናቴ እግሬ ስር ቁጭ ብላ ዓይኔን ሳታይ ጠላ ትቀዳለች።

አያ መጨረሻ ላይ መጡ። ባታቸው ድረስ ጭቃ ናቸው። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገቤ ቁጭ አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። እጃቸው እንደ ግንድ ቅርፊት ነው። የኔን ለስላሳ እጅ ሲያሻሹ ከበሽታው መሰላቸው መሰል ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይዞህ" አሉኝ። "ነገ ጠዋት የእናትህን ነው የማርሰው።"

"አያ፣ እርስዎ የራስዎን ይጨርሱ" አልኳቸው። ድምፄ ከሀፍረቱ የተነሳ ራሱ የበሽተኛ ሆኖ ወጣ።

"የኔ ግማሹ አልቋል፣ ሌላው ይቆያል" አሉ። "አንተ ከተኛህማ ማን አላት?"

እናቴ በኽምጣኛ አንድ ነገር አለቻቸው። የራስህን አስቀድም ማለቷ ይመስለኛል። እሳቸው እጃቸውን አወናጨፉና ተነሱ። ስልቻውን አንስተው ክብደቱን ለካ ለካ አድርገው፣ ዘሩ ጥሩ ነው ብለው ወጡ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ዋልኩ። በቤት ውስጥ ስለመዋል የማውቀው ሁሉ ምንም አልፈየደኝም። ባትሪ የለም፣ መብራት የለም፣ የማነበው የለም፤ ቢኖርስ። ከታች የጅራፉ ድምፅ ይሰማል፣ አያ በሬዎቹን ሲያባብሉ ይሰማል። የእናቴን በሬ በስሙ ሲጠሩ፣ እሱ ሰነፍ ሆኖባቸው ሲሳደቡ፣ ከዚያ ሲስቁ ይሰማል። እናቴ ዘርና ስንቅ ተሸክማ አብራቸው ዋለች። እኩለ ቀን ላይ ብቅ ብላ፣ አያህ በላ ወይ እያለ ይጠይቃል አለችኝ። አልበላሁም ነበር። በልቷል በያቸው አልኳት። ሁለተኛው ውሸት የኔ ሆነ፤ ቢያንስ እሱን ተካፈልኳት። በግድግዳው ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ አያ የቀኑን እርሻ ሲያገባድዱ፣ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው ሲፈትሹ አየኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ያ ያልታረሰው የአያ ግማሽ ማሳ በዓይናችን እያየነው ነጣ፣ ከዚያም ደረቀ። ዝናቡ ተመልሶ የመጣው ለጤፍ ከረፈደ በኋላ ነው። ሽምብራ ጣሉበት፤ እሱም አልሆነላቸውም። የእናቴ ማሳ ግን ሙሉውን በቀለ።

እውነቱን ለመናገር አሰብኩ። ብዙ ጊዜ አሰብኩ። አያ፣ አልታመምኩም ነበር ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የሄድኩ ዕለት። እናቴ ግን በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። እኔ ተናዝዤ ሰቆጣ እገባለሁ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ነኝ። እሷ ግን እዚያው ናት፤ በሬዋን ከሳቸው በሬ ጋር የምታቀናጅ፣ እሳት ስታጣ ከሳቸው ቤት የምትጭር። አፌን መልሼ ዘጋሁት። አያ ገና አላገገመም ብለው ቦርሳዬን ነጠቁኝና ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉት። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ እሳቸው ላፕቶፔን ተሸክመው፣ መኪና እስካለበት መንገድ ሸኙኝ። በየዳገቱ ቆም እያሉ እንዳይደክምህ ቀስ በል ይሉኛል። እሺ አያ እያልኩ ቀስ እል ነበር።

ኅዳር ላይ እህሉ ሲገባ እናቴ ግማሹን ሰፍራ ወሰደችላቸው። አያ አልተቀበሏትም። ለታመመ ልጅ ብዬ ያረስኩትን እኩል ብዬ ልብላ እንዴ፣ እግዜር ምን ይለኛል አሏት። እናቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ደከመብኝ። ትንሽ ትንሽ እያደረገች በየሰበቡ በዕቃ ትልክላቸው ጀመር፤ ዕቃው ባዶውን አይመለስም፣ እሳቸውም የሚጨምሩበት አያጡም።

ዘንድሮ ማሳው ተመልሶ በእኩል ሆኗል። ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሷ ልጅ ጤናው አይችልም።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጓደኞቼ ደውለው የት እንግባ አሉኝ፤ የትም አልገባም አልኳቸው። ብቻዬን ፊልም ከፍቼ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ስልኩ ጮኸ፤ እናቴ ናት። ፊልሙን አቆምኩት። እንደ ልማዷ ዝናብ አለ ወይ አለችኝ። እንዳይሰማት ብዬ ስልኩን በጋቢው ሸፈንኩና የለም አልኳት። ለካ አያ አጠገቧ ነበሩ፤ ስልኩን ተቀበሏት።

"ጤናህ እንዴት ነው?"

"ደህና ነኝ አያ። እዚያስ ጣለ ወይ?"

"ገና ነው። እየጠበቅን ነው" አሉ። ጆሯቸውን ስልኩ ላይ አጥብቀው እንደያዙ አስታወቀኝ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ቆርቆሮዬ እየተንጓጓ ነበር። "ኧረ እናንተ ዘንድ ይጥላል፣ ይሰማኛል። እሰይ። አንተ ግን እንዳትወጣ ልጄ። ብርዱ ደግሞ እንዳይመታህ፣ ቤት ተቀመጥ።"

"እሺ አያ" አልኩ።

ቤት ነበርኩ። ፊልሙ ካቆምኩበት ቦታ ይጠብቀኝ ነበር።